መጀመሪያ ለጓዳ፣ ቀጥሎ ለእንግዳ
የጋራ የአትክልት ቦታ እንዴት የጎብኚ መስሕብ ይሆናል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ገበሬዎች ተባብረው የሚያለሙት የአትክልት ቦታም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው ማጠሩ፣ ማረሙና ውሃ ማጠጣቱ ያደክመዋል። ብዙ ሆነው ሲይዙት ግን ሥራው ይቀላል፣ ቦታውም ያምራል። ያማረ ቦታ ደግሞ ሰው ሊያየው ይመጣል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

በካማሺ ወረዳ ለምትገኙ ገበሬ ወገኖቻችን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ባሚያው፣ ዱባው፣ ማንጎው፣ ቀርከሃውና ማሩ በእጃችን ነው። ጥያቄው ይህን ሀብት እኛ ከበላንበት በኋላ እንግዳም መጥቶ አይቶት፣ ቀምሶት፣ ዋጋውን ከፍሎ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል ወይ ነው። መልሱ ይቻላል ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የእርሻ ጉብኝት ምን ማለት ነው?

ጉብኝት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ላሊበላን፣ አክሱምን ወይም የጎንደርን ግንብ ነው። የእርሻ ጉብኝት ከዚህ ይለያል። እንግዳው የሚመጣው ገበሬው እንዴት እንደሚዘራ፣ እንደሚያርም፣ እንደሚሰበስብና እንደሚበላ ለማየት ነው። ገንፎው ሲገነፋ ያያል፣ የባሚያውን ወጥ ይቀምሳል፣ ማሩን ይገዛል። ካስፈለገም ዶማ ይዞ አብሮ ይቆፍራል።

በትምህርት ሰዓት ይህን ስናወራ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ የጎመን መደብ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ማን ሞኝ አለ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ጎመን ብቻ ለማየት ማንም አይከፍልም። ሰው የሚከፍለው ለማያውቀው ነገር ነው። እኛ በየቀኑ ስለምናየው ተራ የመሰለን ሁሉ ላላየው ሰው ትምህርት ነው። ከተማ ያደገ ልጅ ሰሊጥ በአገዳው ላይ በፍሬ ከረጢት ውስጥ እንደሚያድግ አያውቅም። ለውዝ ከመሬት በታች እንደሚያፈራ ሲነገረው አያምንም። ቀርከሃ ገና ለጋ ሳለ እንደሚበላም አልሰማም። ይህ ሁሉ ይከፈልበታል።

ደግሞ ጎብኚ ማለት ፈረንጅ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችን የካማሺ ከተማ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና ተማሪዎች ናቸው። ቀጥሎ ከነቀምትና ከአሶሳ የሚመጡ አሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የክልላችን ስም በብዙ ሰው አፍ ላይ ነው። ግድቡ ያለው ከዓባይ ማዶ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ነው እንጂ በእኛ ደጅ አይደለም። ስለዚህ የግድቡ ጎብኚ ነገ ይመጣልናል ብለን አንጠብቅ። እሑድ ከሰዓት መናፈሻ ቦታ ያጣውን የከተማችንን ሰው እናስብ።

ሌሎች ምን ሠሩ?

በአገራችን ከእኛ የቀደሙ አሉ። ከእነርሱ መማር ይገባል።

በጨንቻ አጠገብ የሚኖሩት ዶርዜዎች የጓሮ እንሰታቸውን ለእንግዳ ያሳያሉ። እንሰቱ ሲፋቅ፣ ቆጮው ሲጋገር እንግዳው ቆሞ ያያል። ከዚያ ትኩሱን ቆጮ በማርና በበርበሬ ማባያ ይበላል። ሲወጣ የሸማ ሥራቸውን ይገዛል። ልብ በሉ፤ ያሳዩት ለእንግዳ ብለው የፈጠሩትን ነገር አይደለም። የዕለት ምግባቸውን ነው።

የኮንሶ ገበሬዎች በድንጋይ የካቡት እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የጌዴኦ ገበሬዎች ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አብረው ያለማሉ። ይህ ዘዴያቸው በመስከረም 2016 ዓ.ም. እንዲሁ የዓለም ቅርስ ሆነ። እንግዲህ ገበሬ በዶማ የሠራው ሥራ ከጥንት ሐውልት እኩል ተከበረ ማለት ነው።

በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ የገጠር ሰዎች «ተስፋ» በሚባል ሥራ ተደራጁ። በገደሉ አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ ምግቡን የመንደሩ ሰዎች ያበስሉለታል። ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ያለችው ወንጪ በእ.ኤ.አ. 2021፣ በጎጃም የጮቄ ተራሮች መንደር ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2022 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የጉብኝት መንደሮች መካከል ተመርጠዋል።

ነገር ግን ሌላም ትምህርት አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ እንግዳ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎም ሲደርስ ጭራሽ መንገዱ ተዘጋ። እንግዳ ብቻ ጠብቆ ይኖር የነበረ ሰው በዚያን ጊዜ ምን ይበላል? ማሳ የነበረው ግን ማሳው አለለት። እንግዳ ቢቀር ጎመኑ አይቀርም። የርእሳችን ቁም ነገር ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ለጓዳ፣ ቀጥሎ ለእንግዳ።

ይህን ጣልያኖች በሕግ ደንግገውታል። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1985) ባወጡት ሕግ መሠረት እንግዳ የሚቀበል ገበሬ ዋና ሥራው እርሻ ሆኖ መቀጠል አለበት። እንግዳ መቀበሉ የእርሻው ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። እርሻው የጠፋበት ገበሬ ለእንግዳው ምን ያሳየዋል?

ቦታው እንዴት ይዘጋጅ?

አንደኛ፣ ውሃ። በእኛ አገር ዝናቡ በአንድ ወቅት መጥቶ ይሄዳል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መሬቱ ይደርቃል። ስለዚህ ቦታው በዓመት ሙሉ ከማይደርቅ ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገብ ይሁን። ከወንዙ ዳር ግን ጥቂት ራቅ ይበል፣ በክረምት ጎርፍ እንዳይወስደው። ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ አትተዉ። የወባ ትንኝ የሚራባው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ አጥር። ፍየል አንድ ቀን ከገባች የሦስት ወር ድካም ይጠፋል። ቀርከሃ አለን፣ ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከቀርከሃው አጥር ሥር ሕያው አጥር ትከሉ። ቀርከሃው አርጅቶ ሲወድቅ ተክሉ አድጎ ይተካዋል። ከአጥሩ ውጭ ዙሪያውን ሣር አጽድታችሁ የእሳት መከላከያ አውጡ። በበጋ ሣር ሲቃጠል እሳቱ ወደ አትክልቱ እንዳይዘል ነው።

ሦስተኛ፣ መንገድ። በመደቦቹ መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ይተው። እንግዳ መደብ ረግጦ ከሄደ አፈሩ ይጠጥራል፣ ቡቃያውም ይሞታል። በመግቢያው በኩል የችግኝ መደብ ይሁን። ቀጥሎ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት። ቀጥሎ ባሚያ፣ ዱባና ቅል። ከዚያ ለውዝና ቦሎቄ። ከዚያ የማሽላ፣ የዳጉሳና የሰሊጥ ትንንሽ መደቦች። ወደ መጨረሻው የማንጎ ጥላና መቀመጫ። የንብ ቀፎ ከሁሉም ርቆ በአጥሩ ማዶ ይሰቀል። እንግዳ በንብ ከተነደፈ ሁለተኛ አይመጣም።

ማንጎ ስትተክሉ በዛፍና በዛፍ መካከል ቢያንስ 8 ሜትር ርቀት ይኑር። የተዳቀለ ችግኝ ካገኛችሁ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል። ከዘር የበቀለው ግን ከዚያ በላይ ይቆያል። በቅጠሉ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ የሚጣበቅ ተባይ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ይህ ተባይ በ2002 ዓ.ም. ግድም በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ወደ አሶሳ አካባቢም ተዛምቷል። የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንገሩ። የተጠቃ ችግኝም ከሌላ ቦታ አታምጡ።

በየመደቡ ራስ ላይ ደግሞ የእንጨት ሰሌዳ አቁሙ። በሰሌዳው ላይ የተክሉን ስም በጉሙዝኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፉ። ከስሙ ሥር የተዘራበትን ወርና የሚሰበሰብበትን ወር ጨምሩ። ይህ ሥራ የእናንተ የአዲስ አንባቢዎቹ ነው። ፊደል የቆጠርነው ለዚህ አይደለም እንዴ? እንግዳው ከሰሌዳው ይማራል፣ ልጆቻችንም ሲያልፉ ሲያገድሙ ያነቡታል።

ለእንግዳው ምን እናሳየው?

በየወሩ የሚታየው ይለያያል። በሰኔና በሐምሌ የቀርከሃ ቡቃያ ከመሬት ይወጣል። ቡቃያው መራራ ስለሆነ በደንብ ተቀቅሎ ውሃው መደፋት አለበት። ሳይቀቀል ግን ለማንም አይሰጥ፣ ይጎዳል። ክረምቱ ሲጠና ባሚያው፣ ዱባውና የበቆሎው እሸት ይደርሳል። በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጥ ይታጨዳል። ከዚያ የማሽላው ተራ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማንጎው ይበስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የመጣ እንግዳ በሌላ ወር ሲመለስ ሌላ ነገር ያያል።

ስለ ቀርከሃ የምንነግረውም አናጣም። አገራችን በቀርከሃ ደን ስፋት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የቆላ ቀርከሃ በብዛት የሚገኘውም በክልላችን ነው። ቀርከሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል። ካበበ በኋላ ይሞታል። ይህን ሲሰማ የማይደነቅ የለም። በሬ ስለሌለበት ቆላም እንንገረው። የቆላ ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ስለምታመጣ ከብት አይበረክትም። ስለዚህ የጉሙዝ ገበሬ በዶማ ማረሱ ከስንፍና ሳይሆን አገሩን ከማወቅ የመጣ ነው። ይህን እኛ ካላስረዳን ሌላው የመሰለውን ያወራል።

በመጨረሻ ምግብ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ የተቀቀለ ዱባ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ማርና ማንጎ ይበቃል። ስፓጌቲና ለስላሳ ከተማም አለ። እንግዳው የመጣው የእኛን ፈልጎ ነው። ዋናው ንጽሕና ነው። የሚጠጣ ውሃ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ሽንት ቤት ከውሃው ርቆ ይቆፈር። በደጁም የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። እንግዳ የሚያድር ከሆነ አጎበር የግድ ነው። አንድ እንግዳ ታሞ ከሄደ የመቶ ሰው ወሬ ያስቀራል።

ገንዘቡስ?

ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው በማጣት ሳይሆን በማግኘት ነው። ገንዘብ ሲመጣ ሐሜት ይመጣል። መድኃኒቱ መዝገብ ነው። ለምሳሌ አንድ እሑድ 12 እንግዶች መጡ እንበል። እያንዳንዱ ለጉብኝት 50 ብር፣ ለምሳ 200 ብር፣ በድምሩ 250 ብር ከፈለ። 12 በ250 ሲባዛ 3,000 ብር ይሆናል።

ከዚህ ላይ ወጪው ይቀነሳል። ከአባላት ለተገዛ እህል፣ ዱባና ማር 900 ብር። ላበሰሉት 3 ሴቶች ለእያንዳንዳቸው 200 ብር፣ በድምሩ 600 ብር። ላስጎበኘው ወጣት 200 ብር። ለሳሙናና ለማገዶ 100 ብር። ጠቅላላ ወጪ 1,800 ብር። የቀረው 1,200 ብር ነው። ይህን በሦስት ብንከፍለው 400 ብር ለዘርና ለመሣሪያ፣ 400 ብር እህል ለሚያልቅበት ለክረምቱ ወራት መጠባበቂያ፣ 400 ብር ደግሞ ጉባኤው ለወሰነው ጉዳይ ይውላል። ቁጥሩ ምሳሌ ነው። አከፋፈሉን እናንተ ተወያይታችሁ ወስኑ።

ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊውና ተቆጣጣሪው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አይቀበሉ። በየወሩ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የቻለ ሁሉ መዝገቡን የማየት መብት አለው። ሥራው ሲጠነክር በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ይቻላል። ያኔ ማኅበሩ በራሱ ስም መብቱን ማስከበር ይችላል።

ለምን ለሴቶቹ ይከፈላል? የሚል አይጠፋም። በእኛ አካባቢ ሴቲቱ ትቆፍራለች፣ ታርማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ትፈጫለች፣ ታበስላለች። በዚህ ላይ የ12 ሰው ምሳ በነጻ ከተጨመረባት እንግዳው ለእርሷ ዕዳ እንጂ በረከት አይደለም። ገንዘቡም በእጇ ይሰጣት። በባሏ በኩል አይደለም።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

እንግዳ ሲመጣ ልጆች ትምህርት ጥለው ብር ስጠኝ እያሉ እንዳይከተሉት። ልመና አንዴ ከለመደ አይለቅም። ስጦታ መስጠት የሚፈልግ በማኅበሩ መዝገብ ያስገባ።

ፎቶግራፍ በፈቃድ ብቻ ይሁን። እናቶቻችን በትከሻቸው እንጨት አጋድመው በሁለት ወገን ሸክም ይዘው ሲሄዱ የሚያይ እንግዳ ሮጦ ያነሣቸዋል። መጀመሪያ ይጠይቅ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ሰው እንደ እንስሳ አይጎበኝም።

የዘራችንን ነገር እንወቅ። ከአያቶቻችን የወረስነው የማሽላና የሰሊጥ ዘር ሀብት ነው። ለምግብ የሚሸጥ ይሸጥ። ነገር ግን ዘርና የባህል መድኃኒት ለምርምር ልውሰድ የሚል ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን ዕውቀትና መብት ይጠብቃል። ወረቀቱን አሳየን ማለት ነውር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ምግቡ ነው። የልጅ ማንጎ ለእንግዳ ተሽጦ ልጁ ባዶ እጁን ከቀረ፣ የክረምት መጠባበቂያው ዱባ በጥር ካለቀ፣ ሥራው ከሥሩ ተበላሽቷል። ስለዚህ ጉባኤው ድርሻ ይቁረጥ። ለምሳሌ ከእያንዳንዱ ምርት መጀመሪያ የአባላት ቤተሰብ ድርሻ ይነሣ፤ ቀጥሎ ለዘር ይቀመጥ፤ የተረፈው ብቻ ለእንግዳና ለገበያ ይሁን።

ሰላም ከሌለ እንግዳ የለም

ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በካማሺ ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ማሳው ጦም አድሯል። ያን ጊዜ እንግዳ ቀርቶ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠየቅ ፈርቶ ነበር።

የአትክልት ቦታ ብቻውን ሰላም አያመጣም። ነገር ግን ጉሙዙ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና ሌላውም ጎን ለጎን መደብ ይዞ ከአንድ ምንጭ ውሃ በተራ ከቀዳ ሁሉም የሚያጣው ነገር ይኖረዋል። አጥሩን የሚያፈርስ ሰው የራሱን ጎመን ያፈርሳል። ስለዚህ ለእንግዳ ከመክፈታችን በፊት ለጎረቤት እንክፈት። የመጀመሪያውን ገንፎ የጎረቤት መንደር ሽማግሌዎች ይብሉልን። እነርሱ በደኅና ገብተው በደኅና ከወጡ፣ ከሩቅ የሚመጣውም ይደፍራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአንድ ዓመት ሁሉን አንጀምር። የመጀመሪያውን ዓመት ውሃውን፣ አጥሩንና መደቦቹን እንሥራ፤ ምርቱንም እንብላ። በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳውን፣ መንገዱንና ሽንት ቤቱን እናዘጋጅ፤ የትምህርት ቤት ልጆችን በነጻ እናስጎብኝ። እነርሱ ሲጠይቁ ማስረዳት እንለምዳለን። በሦስተኛው ዓመት በወር አንድ እሑድ የሚከፍል እንግዳ እንቀበል። ከተሳካ እንጨምር። ካልተሳካም የከሰርነው የለም፣ አትክልቱ ጓዳችን ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ በበጋ የማይደርቅ ውሃ የት አለ? መሬቱስ የማን ነው?
2. ለእንግዳ የሚከብደው፣ ለእኛ ግን ቀላል የሆነው ዕውቀት ምንድን ነው? አምስት ጻፉ።
3. 8 እንግዶች እያንዳንዳቸው 250 ብር ቢከፍሉ ስንት ይሆናል? ወጪው 1,200 ብር ቢሆን ስንት ይተርፋል?
4. ከምርቱ ለቤተሰብ፣ ለዘርና ለእንግዳ ስንት ስንት እጅ ይሁን? ሴቶች በዚህ ላይ ምን ይላሉ?

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ስብሰባም አንብቡት።